ከዘንጉ በስተሰሜን

አዛውንቱ ቀያሽ የተገኙት በሰሜኑ ጫፍ ገደል ሥር፣ በወደቁ ግንዶች መካከል በጀርባቸው ተንጋለው ነው። የኮታቸው ቁልፎች እስከ አንገት ድረስ ተቆልፈዋል። ያገኛቸው የደን ጠባቂው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ባርኔጣቸውን ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አየና በዙሪያው መንገድ ወረደ።

መርማሪዋ በማግስቱ ማለዳ ከሳጅኑ ጋር ደረሰች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት፣ ስትራመድም ስትናገርም የማትቸኩል ሴት ናት። ሬሳውን ከማየቷ በፊት ቀና ብላ ገደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ጭጋግ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «ሽማግሌ ሰው፣ ገደል፣ ጭጋግ። ምኑ ይመረመራል?»

«ሟቹ ምን ያህል ጊዜ ተራራ ላይ ኖረዋል?»

«ዕድሜ ልካቸውን ይላሉ።»

«እንግዲያው ጭጋግን ከእኔና ከአንተ ይበልጥ ያውቁታል።»

ጉልበቷን እያባበለች ተንበረከከች። የሟቹ ግራ እጅ ጓንት አጥልቋል። የቀኝ እጃቸው ጓንት ግን በሥርዓት ተጣጥፎ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ መዳፋቸው ላይም ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ተሰክቷል። የቀኝ ጫማቸው ጫፍ፣ ጫፉ ብቻ፣ በትኩስ አፈር ተለውሷል።

«ሲወድቁ የቧጠጡት ይሆናል።»

«ሲወድቅ የሚቧጥጥ ሰው በጎኑም በተረከዙም ይቧጥጣል» አለች መርማሪዋ። «እኚህ ሰው ቆመው በእግራቸው ጫፍ አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር።»

ተራራው ሁለት ራስ አለው። የደቡቡ ራቁቱን የቆመ አለት ስለሆነ ከየትም ይታያል። የሰሜኑ እስከ አናቱ ድረስ ደን ለብሷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝቅታ ሰዎች ኮርቻ ይሉታል፤ የደን ጠባቂው ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤትም የተሠራው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ጫካው ባሕር ነው። ካርታውም ሰዉም ከፍተኛው ጫፍ የደቡቡ መሆኑን ለረጅም ዘመን አልተጠራጠሩም። አንዳንዴ በጥሩ ብርሃን ሰሜኑ ከፍ ብሎ ሲታይ «ዛፎቹ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል።

ከዓመታት በፊት የአዛውንቱ ቀያሽ አንድያ ልጅ በክረምት ብቻውን ወደዚህ ተራራ ወጥቶ አልተመለሰም። በደቡቡ ጫፍ ላይ በብርድ ደርቆ ተገኘ። የካርታ መሥሪያ ቤቱ የአባትየውን ውለታ አስቦ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ በልጁ ስም እንዲጠራ ፈቀደ። እናቱ በአለቱ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አስመቱ። ካርታው እንደ አዲስ ይሠራ ተብሎ ባልየው ለልኬት ሲላኩም እናትየው አብረው መጡ። ከደቡቡ ሆኖ በመሣሪያ የሚታይ የቀርከሃ ዘንግም በሰሜኑ ጫፍ ላይ ተተከለ።

ይህን ሁሉ ለመርማሪዋ የነገራት፣ ሳትጠይቀው፣ ከተራራው ግርጌ ማረፊያ ቤት ያለው ወፍራም ሰውዬ ነው። ስንቅ ጭኖ ወደ ኮርቻው ቤት መጥቶ አዛውንቱ ሲሞቱ እዚያው የቀረ ነበር።

«ስምዎ?»

«ሰው ሁሉ ጫፌ ይለኛል። ጫፍ ረግጬ ግን አላውቅም፣ ኢንስፔክተር። እዚህ ኮርቻ ድረስም በበቅሎ ነው የምመጣው። በቅሎዋ ራሷ ትታዘበኛለች።» ይህን እስኪናገር ሁለት ጊዜ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ማረፊያዎ ሰሌዳ ላይ ‹ከከፍተኛው ጫፍ ሥር› ይላል። ቀስቱ ወደ ደቡቡ ነው የሚያመለክተው። ስመጣ አየሁት።»

«ሰሜኑ ከበለጠ ቀስቱን አዞረዋለኋ። ቀለም ነው።» ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው መጠቆም አልወድም። ግን ትናንት ጠዋት ሽማግሌውና ረዳታቸው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተጨቃጭቀዋል። ልጁ ‹ዘንጉ ጋ የሆነ ነገር አለ› ይላል፣ ሽማግሌው ‹አንተ ነህ አጣመህ ያቆምከው› ይላሉ። ከዚያ ‹ራሴ ሄጄ አየዋለሁ› ብለው ወጡ። ወጡ፣ ቀሩ።»

ሳጅኑ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ሄደ። ረዳቱ፣ ቀጭን ወጣት፣ በደጃፉ ላይ ከመሣሪያው ሳጥን አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ። «መጀመሪያ ተራራውን ልጠይቀው።»

ወደ ሰሜኑ ጫፍ የመራት የደን ጠባቂው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። መንገድ የዘጋውን የወደቀ ግንድ ብቻውን አንስቶ ወደ ጎን አደረገውና አሳለፋት።

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። ዘንጉ ከሩቅ እንዲታይ ዛፍ አስቆረጡ። አንድ በአንድ የማውቃቸውን ዛፎች። ‹ከለካሁ በኋላ እተክልልሃለሁ› አሉኝ። እሳቸው ሰማንያ ዓመት ሊኖሩ፣ ዛፉ ሊያድግ።» ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «ደግ ሰው ነበሩ። ያናድዱኛል እንጂ ደግ ነበሩ።»

«ኮትዎ ክርኑ ላይ ተጠግኗል። ጥሩ ስፌት ነው።»

«እትዬ ናቸው። ከባላቸው ጋር እንዳኮረፍኩ እያወቁ ‹አውልቀው› ብለው ሰፉልኝ። እዚህ ቤት እሳቸው ያልጠገኑት የለም፤ መጋረጃውም፣ የረዳቱ እጅጌም፣ የበቅሎዋ ጆንያም።»

መርማሪዋ ስፌቱን ቀረብ ብላ አየችው። ክሩ እጥፍ ነው፤ ስፌቱ እኩል እኩል ሄዶ መጨረሻው ላይ በትንሽ መስቀለኛ ቋጠሮ ይታሰራል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ ስስ ነበር። የቀርከሃው ዘንግ፣ ነጭና ቀይ ጨርቁን ከላይ አስሮ፣ በትንሽ የድንጋይ ካብ መካከል ቆሟል። ከዘንጉ ኋላ ቁጥቋጦ አለ። መርማሪዋ ቁጥቋጦውን በዱላዋ ስትገልጠው ከኋላው መሬት አልነበረም። የተሰበሩት ቅርንጫፎች እዚያ ጋ ናቸው። አዛውንቱ ያለፉት በዚያ ነው።

«እርስዎ ከዚህ በፊት እዚህ ወጥተዋል?»

«ዛፎቹ ከተቆረጡ ወዲህ? አልወጣሁም። ባየው ያመኛል ብዬ።»

ፊቷን ከገደሉ መለሰች። ከዘንጉ በስተደቡብ መሬቱ እየጎበጠ ወደ ላይ ይወጣል። ጉብታው አናት ላይ በክብ የገረጣ፣ ፀሐይ ያላየ ሣር ነበር፤ በክቡ ውስጥ ትላልቅ ድንጋዮች ቀርተዋል። በመካከላቸው ቀርከሃ የሚያህል ጉድጓድ አለ። መርማሪዋ ወደ ዘንጉ ተመልሳ ከሥሩ ቆመችና ወደ ገረጣው ሣር አየች። ሣሩ ከባርኔጣዋ ከፍ ብሎ ነበር።

ከዚያ ድንጋዮቹን እያነሳች ካቡን ማፍረስ ጀመረች። የደን ጠባቂው ሊያግዛት ቢጠጋ «ይተዉኝ፣ ክብደታቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችው። አንዱም ከአቅሟ በላይ አልሆነም። ከሁሉም ሥር፣ መሠረት ሆኖ፣ እንደ ትሪ ዝርግ የሆነ ድንጋይ ወጣ። በአንድ ፊቱ ወፍራም የድንጋይ ሽበት፣ በቆየ ድንጋይ ላይ የሚወጣው ግራጫ ቅርፊት፣ አብቅሏል፤ ሽበቱ መካከሉ ላይ በጫማ ተፍቆ ሳስቷል። ሌሎቹ ድንጋዮች በቅርቡ ከመሬት የተነቀሉ ናቸው። ይህኛው ግን ለዓመታት ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ የኖረ ነው።

በመጨረሻ ዘንጉን አጋድማ ጨርቁን አየች። ጠርዙ ተቀድዶ፣ ቅዱ ተሰፍቷል። ክሩ እጥፍ ነው።

የደን ጠባቂው ከጀርባዋ ቆሞ አየ። የኮቱን ክርን በእጁ ሸፈነ።

ሲመለሱ ረዳቱ ከነበረበት አልተነሳም። መርማሪዋ በሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሳጅኑ ሊያስርህ ይፈልጋል።»

«ይሰረኝ» አለ ረዳቱ። «እኔ ነኝ ወደዚያ የላክኋቸው።»

«እንዴት?»

«ትናንት በማለዳ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከደቡቡ ጫፍ ላይ ሆኜ በመሣሪያው የሰሜኑን ዘንግ አየሁ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ራሳቸው በግርድፉ ሲያዩት ሰሜኑ በትንሹ በልጦ ነበር። ትናንት ግን ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በሰው ቁመት ያህል። ተራራ በሳምንት አይወርድም አልኳቸው። ‹ተራራውስ አይወርድም፣ አንተ ነህ ያጣመምከው› አሉኝ። እኔም መለስኩ። ጮኽኩ። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «‹ልክ ከሆንክ ማታ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ› ብለው ሄዱ።»

«ዘንጉን ያቆምከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ጨርቁንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሰፍተው እንደሰጡኝ፣ አዲሱን።»

«ተቀድዶ ነበር?»

«አዲስ ነው አልኩዎት።»

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ደቡቡ ጫፍ ላይ። ለመሣሪያው እግሮች ቦታ ሳስተካክል እስኪመሽ ቆየሁ።»

«ሰው መጣ?»

«ማንም።»

የደን ጠባቂው ከጫፉ በጆንያ ተሸክሞ ያወረደውን ዝርግ ድንጋይ በወጣቱ እግር ሥር አስቀመጠ። ረዳቱ ብድግ አለ።

«መቆሚያውን ለምን ነቀላችሁት?»

«ካቡ ውስጥ ከሥር ነበር።»

«አይሆንም። መቆሚያ ካብ ውስጥ አይገባም።» ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «የጋሼ ሥርዓት ነው። ሌላ ቀያሽ አያደርገውም። ምልክት በተከልን ቁጥር ከዘንጉ በስተሰሜን አንድ ዝርግ ድንጋይ ይቀመጣል። ጭጋግ ሲወርድ ሰው አቅጣጫ ይጠፋዋል። ዘንጉን በእጅህ ትይዛለህ፣ መቆሚያውን በእግርህ ትፈልጋለህ፣ አግኝተህ ትቆማለህ። ሰሜን ከፊትህ፣ ዘንጉ ከጀርባህ ነው። እስኪገልጥ ንቅንቅ አትልም። እኛን መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው፤ ከመሣሪያው በፊት።»

«ይህን ድንጋይ ከየት አመጣችሁት?»

«አላመጣነውም። ስንደርስ እዚያው ነበር። ትንሽ፣ የተናደች ካብ ነበረች፤ በስተሰሜኗ ይህ ድንጋይ። ጋሼ አዩትና ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ‹ድንጋዩን እንዳትነኩት፣ ካባችንን በሱ ልክ ሥሩ› አሉን።»

መርማሪዋ ድንጋዩን አየች፤ ከዚያም ወጣቱን። ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ ግን ያን ጊዜ አልጠየቀችውም።

የሟቹ ሚስት በውስጠኛው ክፍል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ነጭ ሸሚዝ ያስተካክሉ ነበር። ቁልፍ ጎድሎት ነው። መርማሪዋና ሳጅኑ ሲገቡባቸው መርፌውን ኮሌታቸው ላይ ሰኩት።

«ግቢ ልጄ። ጉልበትሽን ያምሻል አይደል? እዚህ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ሸሚዙን አዩ።

«ምን ዓይነት ባል ነበሩ?»

«ዝምተኛ። ያላረጋገጠውን አይናገርም። ስንጋባ እንኳ ‹ትወደኛለህ?› ብዬ ብጠይቀው አሰበበት።» ፈገግ ሊሉ ሲሉ ቀረ። «ልጁ ግን በእኔ ወጣ፤ ወሬኛ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ከአባቱ ጋር ተራራ ለተራራ ይዞር ነበር። ሲመለስ እሱ ያወራል፣ አባቱ ይሰማል።»

«ሰሜኑ ይበልጣል ሲባል ምን ተሰማዎት?»

ሴትየዋ የሸሚዙን ኮሌታ አቃኑ።

«ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ሲመጣ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ጫፍ ደርሶ ነው የሞተው› ይለኛል። ሌላ የሚባል አልነበረም። እኔም ያዝኩት። ልጄ የፈለገው ቦታ ደርሶ ነው የሞተው፤ ያችን ይዤ ነው የምተኛው። አሁን ደግሞ ሊለካ ነው። ‹ተወው› አልኩት። ‹ተራራው የእኛን ሐዘን አያውቅም› አለኝ።»

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ልጄ ዘንድ። ደቡቡ ላይ።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ወዲያው አልወጣችም። ሳጅኑ በኋላ ሲናገር፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የደከማት ይመስል ነበር ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በትልቁ ክፍል ተሰበሰቡ። ጫፌ ምድጃው አጠገብ፣ የደን ጠባቂው በሩን ተደግፎ፣ ረዳቱ ከመስኮቱ ሥር። ሴትየዋ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ዝርጉ ድንጋይና የተጠቀለለው ጨርቅ አሉ።

«ሟቹን ማንም አልገፋቸውም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «መዳፋቸው ላይ የቀርከሃ ስንጥር አለ፤ በቀኝ እጃቸው ዘንጉን ይዘው ነበር። የጫማቸው ጫፍ ብቻ አፈር ነክቷል፤ በእግራቸው ይፈልጉ ነበር። በጭጋግ ውስጥ መቆሚያቸውን ሲፈልጉ ነው የወደቁት። መቆሚያው በቦታው ስላልነበረ አንድ እግር ጨመሩ።»

ረዳቱ ዓይኑን ጨፈነ።

«መቆሚያው ለምን በቦታው አልነበረም? ዘንጉ ስለተነቀለ ነው። ረዳቱ ከተከለበት ከጉብታው አናት ተነስቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ዝቅ ተደርጓል። የቀድሞው ቦታ ሣሩ ገርጥቷል፣ ጉድጓዱም አለ። ልዩነቱ የሰው ቁመት ነው፤ ረዳቱ በመሣሪያው ያጣውም ያንኑ ያህል። ጉብታው የካቡን ሥር ስለሚሸፍነው ከሩቅ የሚታየው ዘንጉ ብቻ ነው። ይህን ያደረገ ሰው የፈለገው ሰው መግደል አይደለም። ሰሜኑ ጫፍ አጥሮ እንዲለካ ነው።»

«እንግዲህ ጣትዎ ወደ እኔ ሊመጣ ነው» አለ ጫፌ። «ሰሌዳው።»

«እርስዎ እዚያ ቢወጡ ሁለት ሬሳ ነበር የማገኘው» አለች፤ ማንም አልሳቀም። «የደን ጠባቂውም ምክንያት አለው፤ ሰሜኑ ካጠረ የሚቆረጥ ዛፍ አይኖርም። ግን ዘንጉን ያነሳው ሰው ትንንሾቹን ድንጋዮች ወስዶ ትላልቆቹን ትቷል። እሱ ደግሞ ግንድ ብቻውን ያነሳል። ረዳቱስ? የሟቹ ተማሪ መቆሚያን ካብ ሥር አይቀብርም፤ እጁ እምቢ ይለዋል። ደግሞ ዘንጉን ራሱ ዝቅ ቢያደርግ ኖሮ ‹ዝቅ ብሏል› ብሎ አይጮህም ነበር።»

ጨርቁን ዘረጋችው።

«ዘንጉ በቅርንጫፎች መካከል ሲጎተት ይህ ጨርቅ ተቀደደ። ያነሳው ሰው ቅዱን አይቶ ትቶት መሄድ አልቻለም። እዚያው ተቀምጦ ሰፋው። በእጥፍ ክር፣ መጨረሻውን በመስቀለኛ ቋጠሮ አስሮ። መርፌ ከኮሌታው የማይለይ...»

«እኔ ነኝ» አሉ ሴትየዋ።

ሳጅኑ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ መርማሪዋ በእጇ አቆመችው።

«ደቡቡ ሄድኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ይህ ረዳቱ ልጅ እዚያ እንደነበር ረሳሁት። ለካ ውሸትም ልምድ ይፈልጋል።» ሸሚዙን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ዘረጉት። «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ልጁ እውነቱን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ሊወጣ ሲነሳ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ‹ኮትህን ቆልፍ፣ ይበርዳል› አልኩት። ያን ብቻ አልኩት። ቆለፈና ሄደ።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰበረ። ረዳቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መርማሪዋ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ሥራዋ አልቋል። ጨርቁንም ማጠፍ ጀምራ ነበር።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ ሴትየዋ። «ገደሉን አይቼዋለሁ። ለዚህም ነው ከቁጥቋጦው ወዲህ ያቆምኩት። ዘንጉን ይዞ ቢቆም ምንም አይሆንም ነበር። ምን ሊፈልግ ነው ከዘንጉ ያለፈው? መቆሚያ ያልሽው ምንድን ነው?»

ረዳቱ ነገራቸው። ከዘንጉ በስተሰሜን፣ ዝርግ ድንጋይ፣ በእጅ ይዞ በእግር መፈለግ። አብረው ሲኖሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ባላቸው ለተማሪዎቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩትን ነገር ያን ጊዜ ሰሙት።

«እሱን አልነገረኝም» አሉ። «እኔም ሥራህ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ‹በላህ ወይ› ነበር የምለው።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድንጋይ አዩት። «ዝርግ ስለሆነ ለመሠረት ይሆናል ብዬ ከሥር አደረግኩት።»

«ሳይነግሩዎት ከየት ያውቁታል» አለች መርማሪዋ።

«ይህ ድንጋይ ግን ሽበት አብቅሏል» አሉ ሴትየዋ ቀስ ብለው። እጃቸውን ዘርግተው ነኩት። ልብስ ሲጠግኑ የኖሩ ጣቶች አሮጌውን ከአዲሱ ይለያሉ። «እናንተ የመጣችሁት አሁን በቅርቡ ነው። ይህ የቆየ ነው።»

ሴትየዋ ከድንጋዩ ቀና አሉ።

«ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እሳቸው ያስተማሩት ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «ከዘንግ በስተሰሜን መቆሚያ የሚያኖር ሌላ ቀያሽ የለም። የካርታ ሰዎችም ሰሜኑን ከዚህ በፊት ለክተውት አያውቁም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ትንሽ ካብ ሠራ፤ መቆሚያውን አኖረ፤ ከዚያ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ሊያይ ይሆናል ወደ ደቡቡ ተሻገረ።»

ሴትየዋ ድንጋዩን አልለቀቁትም። ሸሚዙ ከጭናቸው ወደቀ፤ የደን ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አነሳውና ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው።

«አባቱ አውቆ ነበር?» አሉ።

መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞረች። ያልጠየቀችው ጥያቄ ይህ ነበር።

«እንዳዩት አወቁት» አለ ረዳቱ። «እኔ ግን የማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ዛሬ ነው የገባኝ። ‹ማን ሠራው ጋሼ?› ስላቸው ‹ለእትዬህ የማወርድላት ነገር ነው› አሉ። ‹ታዲያ ለምን አሁኑኑ አይነግሯቸውም?› አልኳቸው። ‹ይህን የሠራው ሰው ሰሜኑ እንደሚበልጥ ያወቀ ነው ብዬ ሳልለካ ብነግራትና ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ተሳስቶ ነበር ብዬ ሁለተኛ እቀብርባታለሁ። ለክቼ ልንገራት› አሉኝ።»

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አላለቀሱም። ከዚያ አለቀሱ፤ ድምፅ አልነበረውም። ጫፌ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሳጅኑ ካቴናውን ከቀበቶው ፈትቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሲጨርሱ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ተነሱ። መርማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ በረዳቱ ፊት ቆሙ።

«ነገ ሰማዩ ከጠራ ለካው» አሉት።

«እሺ እትዬ።»

«ዘንጉን ወደ ቦታው መልሰው። ድንጋዩንም።»

«እሺ።»

«አንተው ነህ የምታውቀው፣ የት እንደነበር። ልጄ እንዳስቀመጠው አድርገህ።»

ረዳቱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግን፣ ሴትየዋ ደፉን ሊሻገሩ ሲሉ፣ ጋሼው ያደርጉት እንደነበረው ያላረጋገጠውን በሆዱ መያዝ አልቻለም።

«እትዬ፣ ዝቅ ብሎ ቢገኝስ?»

ዞር አሉ። ከበሩ ውጭ ጭጋጉ ኮርቻውን ሸፍኖት ሁለቱም ጫፎች አይታዩም ነበር።

«ዝቅ ቢልም» አሉ። «የትም ብወሰድ መጥተህ ንገረኝ።»